ሽምቅ ተዋጊውና ከሩቅ የመጣው ምስክር



ስለ ሽምቅ ውጊያ መዘገብ ስለ ሌላ ጦርነት ከመዘገብ የተለየ ሥራ ነው። መደበኛ ጦርነት ግንባር አለው፤ ጋዜጠኛው የተያዘውን ከተማ በስሙ ሊጠራ፣ የፈረሰውን ምሽግ ሄዶ ሊያይ፣ አንዱ ወገን የነገረውን ከሌላው ወገን መግለጫ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ሽምቅ ተዋጊ ግን ማታ መጥቶ ሳይነጋ ይሄዳል፤ ቀን ቀን ከገበሬው መካከል ነው። ወደ እርሱ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ እርሱ ካልፈቀደ የሚደርስበት የለም። ስለዚህ ወደ በረሃ የሚወርድ የውጭ ጋዜጠኛ መንገድ መሪውን፣ በቅሎውን፣ አስተርጓሚውን፣ ማደሪያውንና እራቱን የሚያገኘው ሊጽፍባቸው ከሄደው ሰዎች እጅ ነው። ይህን ስናውቅ ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን የምንጠይቀው «ለማን ያደላ ነበር?» ብለን ነው። እኔ ግን ጥያቄው ሌላ መሆን አለበት እላለሁ፤ ዛሬ የማቀርብላችሁም ክርክር ይኸው ነው። የእንዲህ ያለው ጋዜጠኛ ምስክርነት ዋጋ የሚለካው ተዋጊዎቹን በመውደዱ ወይም በመጥላቱ ሳይሆን ከማን ጋር ተቀምጦ እንደ ጻፈ ነው። ከአዛዡ ጋር የተቀመጠ የአዛዡን ታሪክ ይዞ ይመለሳል። ተዋጊውን ከሚቀልበው፣ ከሚደብቀውና ወሬ ከሚያቀብለው ገበሬ ጋር የተቀመጠ ግን ጦርነቱ ከምን እንደሚመነጭ ያያል። ማስረጃዬን የምወስደው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በቻይና ከሠሩ ጋዜጠኞች ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ስለ አገራችን ሳነሣ የእኛንም እጨምራለሁ።

ከሁሉ በላይ የታወቀው አሜሪካዊው ኤድጋር ስኖው ነው። ስኖው በ1905 በካንሳስ ሲቲ ተወልዶ በ1928 ሻንጋይ ገባ፤ ወደ ቀዮቹ፣ ማለትም ወደ ኮሙኒስቶቹ፣ አገር ከመሄዱ በፊት ቻይናን ስምንት ዓመት ያህል ኖሮባታል። በ1936 ስለ ቻይና ኮሙኒስቶች የውጭው ዓለም የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነበር። የቺያንግ ካይሼክ መንግሥት «ቀይ ሽፍቶች» ይላቸዋል፤ ማኦ ዜዱንግ ሞተ የሚል ወሬም ደጋግሞ ታትሟል። በጥቅምት 1934 ከጂያንግሢ ከ80 ሺህ በላይ ሆኖ የተነሣው ጦር ከአንድ ዓመት ጉዞ በኋላ ሰሜን ሻአንሢ ሲደርስ ከማኦ ጋር የቀሩት 10 ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር። የሰፈሩበት አገር ዙሪያው በመንግሥት ጦር ተከቧል። ስኖው የኮሙኒስቶቹ ወዳጅ በነበረችው በሶንግ ቺንግሊንግ አማላጅነት፣ በማይታይ ቀለም የተጻፈ የመተዋወቂያ ደብዳቤ ይዞ በሰኔ ከቤይጂንግ ተነሣ፤ በሲአን በኩል አልፎ ባኦአን ወደምትባለው ዋሻ ቤቶች የሞሉባት ትንሽ ከተማ ገባ። አብሮት ጆርጅ ሃተም የሚባል ሐኪም ነበር፤ ሃተም በዚያው ቀርቶ ዕድሜውን በቻይና ፈጽሟል። ስኖው በጥቅምት ተመለሰ። በ1937 ለንደን፣ በ1938 ኒው ዮርክ የታተመው «ቀይ ኮከብ በቻይና ላይ» የተሰኘው መጽሐፉ ከዚያ ጉዞ የተገኘ ነው።

ይህን መጽሐፍ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ሁለት ዓይነት ጽሑፍ በአንድ ጥራዝ ተጠርዞ ያገኛል። አንዱ ስኖው በዓይኑ ያየው ነው። ወታደሮቹ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል፤ የተራው ወታደር ዕድሜ በአማካይ 19 ገደማ መሆኑን ጽፏል። የያዙት ጠመንጃ ከጠላት የተማረከ እንደ ሆነ፣ መኰንኑና ተራው ወታደር የሚበሉት እንደማይለያይ፣ ዕረፍት ሲያገኙ ፊደል እንደሚቆጥሩ፣ በየመንደሩ የሚዞር የቲያትር ቡድን እንዳላቸው ይነግረናል። ይህ የመጽሐፉ ክፍል በጊዜ ብዛት አልተናደም። ሁለተኛው የተነገረው ነው። ማኦ የሕይወት ታሪኩን ለስኖው ሌሊት ሌሊት ተረከለት፤ ዉ ሊያንግፒንግ አስተረጐመ፤ ስኖው በእንግሊዝኛ የያዘው ማስታወሻ ወደ ቻይንኛ ተመልሶ ማኦ አየው፣ አረመው፣ ከዚያ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ማኦ ስለ ራሱ ለሌላ ሰው እንዲህ በሰፊው ተናግሮ ስለማያውቅ ምዕራፉ ውድ ሰነድ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ አይቶ ያጸደቀው ሰነድ መሆኑን መርሳት አይገባም። በ1930 በፉቲያን በራሱ በቀይ ጦር ውስጥ የተፈጸመው ደም መፋሰስ በዚያ ትረካ ውስጥ ያለፈው በማኦ አተያይ ብቻ ነው፤ ከሟቾቹ ወገን የተናገረ የለም።

በግንቦት 1935 በዳዱ ወንዝ ላይ፣ በሉዲንግ የብረት ሰንሰለት ድልድይ ተደረገ የተባለው ውጊያም እንዲሁ ነው። ስኖው በዚያ አልነበረም፤ ከዓመት በኋላ የነበሩት ሲያወሩ ሰማ፣ በሚያስደንቅ ብዕርም ጻፈው። ከጂያንግሢ የተጀመረውን «ረጅሙን ጉዞ» ዓለም ያወቀው በዚያ ገጽ ነው። በ2005 ዩንግ ቻንግና ጆን ሃሊዴይ በማኦ ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ በድልድዩ ላይ ጨርሶ ውጊያ አልነበረም አሉ። መንገዱን በእግራቸው ተከትለው ሽማግሌዎችን የጠየቁ ሌሎች ደግሞ ውጊያ ነበረ፣ ግን ከተተረከው ያነሰ ነበር ብለዋል። ለእኔ ክርክር ቁም ነገሩ ከሁለቱ ማን እውነተኛ ነው የሚለው አይደለም። ከሰባ ዓመት በኋላ ሲያከራክር የተገኘው ስኖው የሰማው እንጂ ያየው አለመሆኑ ነው።

በዚያ ጉዞ ስኖው ስለ ሽምቅ ውጊያ ጥሩ አድርጎ ያስተማረውን ሰው ያገኘው በኒንግሢያ ጠረፍ፣ በዩዋንግባኦ ነው፤ የቀይ ጦር አዛዡን ፔንግ ዴሁዋይን። ፔንግ የሽምቅ ውጊያን ደንቦች ሲያስረዳው ከመሣሪያ አልጀመረም። የገጠሩ ኑሮ መናጋቱን፣ ገበሬው በዕዳና በግብር መጐሳቆሉን አስቀደመ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ስልቱ የገባው፦ ሊሸነፉበት የሚችሉትን ውጊያ አለመግጠም፣ ጠላት ሳያስብ መምታት፣ ፈጥኖ መበተን፣ ፈጥኖ መሰብሰብ። የሁሉ መደምደሚያ ግን ሕዝቡ ነው፤ የገበሬው ልብ ከሸሸ ሽምቅ ተዋጊ አይዘልቅም የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። ይህን ከፔንግ አፍ መሰማቱን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን የመጀመሪያውን ተቃውሞ ላንሣ። ስኖው የተመረጠ ሰው ነው፤ ኮሙኒስቶቹ የጠሩት እንደሚጠቅማቸው አስልተው ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ፕሮፓጋንዳ ነው የሚሉ አሉ። መጠራቱ እውነት ነው። ድምዳሜው ግን አይከተልም። በመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፉ የዓለም አቀፉን የኮሙኒስቶች ድርጅት፣ የኮሚንተርንን፣ አመራር ስለ ነቀፈ የአሜሪካ ኮሙኒስቶች ራሳቸው አወገዙት፤ ስኖውም በኋላ ከእነዚያ አንቀጾች አንዳንዱን አለዝቧል። ማለዘቡን አላመሰግንም፤ የመጀመሪያው እትም ግን ማንም ያስጻፈው እንዳልሆነ ያሳያል። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ከጠላት ወገን የሚመጣው ነው። ሽምቅ ውጊያው ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቻይናን የወረረው የጃፓን ጦር እንደዚያ ባልተንቀሳቀሰ ነበር። በነሐሴ 1940 በፔንግ አዛዥነት የመቶ ሬጅመንቶች ዘመቻ በመባል የታወቀው ጥቃት በሰሜን ቻይና የባቡር ሐዲዱን፣ ድልድዩንና የከሰል ማዕድኑን መታ። ጃፓኖች በ1941ና በ1942 የመለሱት መልስ ቻይናውያን «ሁሉን ግደል፣ ሁሉን አቃጥል፣ ሁሉን ዝረፍ» ብለው የሰየሙት የጭካኔ ዘመቻ ነበር፤ መንደሮችን አጠፉ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ በየኮረብታው የጥበቃ ምሽግ ሠሩ። ገበሬውን እንዲህ የሚቀጣ ጦር ተዋጊው ከገበሬው የማይለይ መሆኑን በገዛ እጁ መሰከረ ማለት ነው። የጋዜጠኛውን ቃል የሚያረጋግጥ እንዲህ ያለ የጠላት ድርጊት ሲገኝ «አድልቷል» የሚለው ክስ ብዙ አይመዝንም።

ይሁን እንጂ ዘገባው ራሱ የጦርነቱ አንድ ክፍል መሆኑ አይካድም። የስኖው መጽሐፍ በ1938 በሻንጋይ የመንገድ ማስታወሻ በሚመስል ርእስ በቻይንኛ ታተመ፤ ያነበቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ኮሙኒስቶቹ ማእከል ወደ ያንአን ጉዞ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በግንቦት ማኦ ስለ ረጅሙ ጦርነት ባደረገው ታዋቂ ንግግር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ለስኖው የሰጠውን ቃለ መጠይቅ በሰፊው እየጠቀሰ «ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ነበር» ሲል አስረጅ አደረገው። ጋዜጠኛው የአዛዡ ምስክር ሆነ። በዚያው ንግግር ውስጥ ለእኛ የቀረበ ነገር አለ። ቻይና ለምን እንደማትወድቅ ሲያስረዳ ማኦ ኢትዮጵያን አነሣ። አገሪቱ ትንሽ፣ ሥርዓቷ ኋላ ቀር እንደ ነበረ፣ ብቻዋን እንደ ተዋጋች፣ አመራሯም ስሕተት እንደ ነበረበት ጠቅሶ የተሸነፈችው በዚህ ነው አለ። ሆኖም ሰፊ የሽምቅ ውጊያ ገና መኖሩን፣ ከቀጠሉበትም የዓለም ሁኔታ ሲለወጥ ኢትዮጵያውያን አገራቸውን እንደሚያስመልሱ ተናገረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1941፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

ይህ ንጽጽር ሊያሳስበን ይገባል። ስኖው ወደ ባኦአን የተጓዘው አዲስ አበባ ከተያዘች ከአንድ ወር በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በተናገሩበት በዚያው ሰኔ ነው። በ1935 መጨረሻ አዲስ አበባ በውጭ ጋዜጠኞች ተጨናንቃ ነበር፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር መፈታት በኋላ አብዛኞቹ ሄዱ፤ የለንደኑ ታይምስ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር በግንቦት 1936 በጣሊያኖች ተባረረ። ከዚያ በኋላ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በበጌምድርና በላስታ አርበኛው አምስት ዓመት ሲዋጋ ከአጠገቡ ተቀምጦ የሚጽፍ የውጭ ጋዜጠኛ አልነበረም ቢባል ብዙ ከእውነት አይርቅም። ጣሊያኖች «ሽፍታ» አሉት፤ ቃሉን የሚያስተባብል ድምፅ ከውስጥ አልወጣም። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ከግንቦት 1936 ጀምራ ያሳተመችው ጋዜጣ የታመነ ወዳጃችን ነበር፤ የምታገኘው ወሬ ግን ከሩቅ፣ በስደተኞችና በጂቡቲ በኩል የሚደርሳት ስለ ነበረ ማጣራት ይከብዳት ነበር። በኅዳር 1938 እንግሊዝ የጣሊያንን ወረራ በሕግ ስታውቅ የአርበኛው ጦርነት ለአብዛኛው አውሮፓዊ እንዳልነበረ ያህል ነበር። የእንግሊዝ ውሳኔ በምስክር እጦት ብቻ መጣ አልልም፤ ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመለየት የተደረገ ስሌት ነው። ግን የዓለም ሕዝብ የአርበኛውን ፊት አይቶ ቢሆን ኖሮ ያ ስሌት የበለጠ ዋጋ ባስከፈለ ነበር። ስቲር ራሱ በ1940 በእንግሊዝ ጦር ስም ካርቱም ተመልሶ በአማርኛ «ባንዲራችን» የተባለውን ጋዜጣ ሲያዘጋጅ ሥራው ዘገባ አልነበረም፣ ቅስቀሳ ነበር። የውስጡን ታሪክ የጻፉልን ቆይተው አርበኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ገሪማ ታፈረ በ«ጎንደሬ በጋሻው» እንዳደረጉት። በነዚያ መጻሕፍትም የአለቆቹ ስም በዝቶ ይገኛል። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት የውስጥ አርበኞች ግን፣ በተለይም ስማቸው ያልተጻፈው ስንቅ አቀባይ ባልቴቶችና እረኞች፣ ድርሻቸውን ያህል ቦታ አላገኙም። የእኔ ክርክር ቻይናን ብቻ የሚመለከት አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ወደ ስኖው ልመለስ፤ የጉዳዩ ከባድ ክፍል ያለው በ1960 ነውና። በዚያ ዓመት ስኖው ከረጅም ጊዜ በኋላ ቻይናን ጎበኘ፤ ለወራት ተዘዋወረ፤ ከማኦና ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዡ ኤንላይ ጋር ተቀምጦ ተነጋገረ። በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ በረሃብ የሚሞት ሰው ለማግኘት ፈልጎ እንዳጣ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ቻይና ውስጥ በታሪክ ከተመዘገቡት ረሃቦች ሁሉ የከፋው በመካሄድ ላይ ነበር፤ ተመራማሪዎች የሟቾቹን ቁጥር ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ይገምቱታል። ፔንግ ዴሁዋይ ግን አይቶታል። የመከላከያ ሚኒስትር ሳለ በ1958 መጨረሻ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ሁናን ወርዶ ገበሬዎችን ጠየቀ፤ የተባለው ምርትና በጎታው ያለው እህል እንደማይገናኝ ተረዳ። በሐምሌ 1959 በሉሻን ስብሰባ ላይ ለማኦ ደብዳቤ ጻፈ። ተወገዘ፤ ከሥልጣኑም ተሻረ። በ1936 የሽምቅ ተዋጊ ሥር ሕዝቡ ነው ብሎ ለስኖው ያስተማረው ሰው ያንኑ ሕዝብ ሄዶ በማዳመጡ ሲወድቅ፣ ያን ትምህርት የጻፈው ጋዜጠኛ በማግስቱ ዓመት መጥቶ መሪዎቹን አዳመጠ። ስኖው ዋሽቷል ብዬ አላምንም። በ1936 ከአዛዡ የሰማው ባብዛኛው እውነት ሆኖ ስለ ተገኘለት ያንኑ ዘዴ መንግሥት በሆኑት ሰዎች ላይ ደገመው። ተዋጊው በዱር ሳለ ገበሬውን ቢዋሽ የሚጐዳው ራሱ ነው፤ እህሉና መደበቂያው በገበሬው እጅ ናቸውና። በቤተ መንግሥት የተቀመጠ ሰው ግን ገበሬው እየሞተም እራቱን ይበላል። ስኖው ይህን ልዩነት አላየም፤ ትልቁ ጥፋቱም ይህ ይመስለኛል። በየካቲት 1972 በስዊዘርላንድ አረፈ፤ ፔንግም በ1974 በእስር እንዳለ ሞተ፤ ስሙ የታደሰው በ1978 ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል፦ በሽምቅ ተዋጊ ግዛት ውስጥ ገበሬውን ነፃ ሆኖ ማነጋገር የማይቻል ከሆነ ጋዜጠኛውን መውቀስ ፍትሕ ነው ወይ? በ1944 አጋማሽ ከአምስት ዓመት እገዳ በኋላ ወደ ያንአን እንዲገቡ የተፈቀደላቸው የውጭ ጋዜጠኞች፣ ሃሪሰን ፎርማን፣ ጉንተር ስታይን፣ ኢዝራኤል ኤፕስታይንና ሌሎቹ፣ በተዘጋጀ ጉብኝት ነው የገቡት። ብዙ አድንቀው ጻፉ። የመሪዎቹን የተለየ ምግብና ልብስ በ1942 በመንቀፉ የተወገዘው ጸሐፊ ዋንግ ሺዌይ በዚያው ከተማ ነበር፤ በ1947 ተገደለ። የእርሱ ነገር ከእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የሚገባውን ያህል አልገባም። ተቃውሞው ክብደት አለው። ይቻል እንደ ነበር የሚያሳይ ሰው ስላለ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም።

ያ ሰው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጃክ ቤልደን ነው። ቤልደን ቻይና የገባው እንደ መርከበኛ ነው፤ በከተሞቹ ተንከራትቶ ቋንቋውን ለመደ፤ በ1942 ከአሜሪካዊው ጄኔራል ስቲልዌል ጋር ከበርማ በእግሩ ወጣ፤ በ1943 በጣሊያን ክፉኛ ቆሰለ። በ1947 ሻንሢ፣ ሄበይና ሄናን በሚገናኙበት የኮሙኒስቶች ግዛት ገብቶ ከመንደር መንደር ዞረ። በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የመሪዎቹ ንግግር አለ፤ ትልቁ ቦታ የተሰጠው ግን ለመንደሩ ሰው ነው። ወርቅ አበባ ብሎ የጠራትን አንዲት የሄበይ ሴት ከሳምንት በላይ ተቀምጦ አዳመጣት፦ በልጅነቷ ያለ ፈቃዷ መዳሯን፣ የባሏን ዱላ፣ የአማቷን ግፍ፣ ከዚያም የሴቶች ማኅበር ሲቋቋም የሆነውን። ከዚህ ታሪክ ቤልደን ያወጣው የጦር ትምህርት ከብዙ የስልት መጻሕፍት ይበልጣል። ኮሙኒስቶቹ ወሬ አቀባይ፣ ስንቅ አቅራቢና የሚልኩትን ሰው ያገኙት በመሬቱና በጓዳው ውስጥ የነበረውን ጥል ስለ ነኩት ነው፤ ሴቲቱና ጭሰኛው ለራሳቸው ሲሉ ገቡበት። የስኖው መጽሐፍ ሽምቅ ተዋጊው ምን እንደሚያስብ ይነግረናል፤ የቤልደን መጽሐፍ ግን ገበሬው ለምን በሩን እንደ ከፈተለት ያስረዳል። ሆኖም የቤልደን መጽሐፍ ሲወጣ የተነበበው በጥቂቶች ነበር፤ እንደገና የታተመውና አንባቢ ያገኘው በ1970 ነው። መጽሐፉ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ስላልነበረ የሚያነሣው ባለሥልጣን አልነበረውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ፣ ገበሬውም ይፈራል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ወርቅ አበባ የተናገረችው ኮሙኒስቶች መንደሩን ከያዙ በኋላ ነው፤ ቤልደንም የአብዮቱ ደጋፊ ነበር። ቃሏን ግን የምመዝንበት መለኪያ አለኝ፦ ፓርቲው እንዲታወቅ የማይፈልገው ነገር አለበት ወይ? በቤልደን መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሴቶቹ ተሰብስበው ባልየውን መደብደባቸው ሳይሸፈን ተጽፏል። ባለመሬቶች በአደባባይ ስብሰባ ሲደበደቡና ሲገደሉ፣ ቂም በፍርድ ስም ሲወጣ፣ ድሃው ራሱ ሲደነግጥ ተጽፏል። አሸናፊዎቹ በሕዝቡ ስም ያገኙት ሥልጣን ከሕዝቡ ሊለያቸው እንደሚችል ደራሲው በ1949፣ የድሉ ደስታ ገና ትኩስ ሳለ፣ ስጋቱን ገልጿል። እነዚህን ገጾች አንድ አዛዥ ለእንግዳው ብሎ አያስጽፋቸውም፤ አንድ ጋዜጠኛም ከአዛዡ ማዕድ ሳይነሣ አይደርስባቸውም። ቤልደን የደረሰባቸው ጭቃ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ስሟን ማንም የማያውቀው ሴት እስክትጨርስ ስለ ጠበቀ ነው።